ደም የጠጣችውን ትንኝ ለይታ የምታውቅ ሸረሪት

ኬንያ ውስጥ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ፣ ምቢታ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዚያ አካባቢ በማለዳ የቤቱን የውስጥ ግድግዳ ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ሰው፣ ግድግዳው ባዶ አይደለም። አብዛኞቹ ያረፉበት ነፍሳት ከሐይቁ የወጡ፣ ትንኝ የሚመስሉ ግን የማይናከሱ ጥቃቅን ዝንቦች ናቸው። ወቅታቸው ሲደርስ ከውኃው ላይ ጭስ መስለው ሲነሡ ከሩቅ ይታያሉ። በእነሱ መካከል ወንድ ትንኞች አሉ፤ ወንድ ትንኝ ደም አይጠጣም፣ ኑሮው በአበባ ወለላ ነው። ደም ገና ያልቀመሱ ሴት ትንኞችም አሉ። ጥቂቶች ብቻ፣ ሌሊት ከተኛ ሰው ወይም ከበረት ከብት ጠጥተው የመጡ፣ ሆዳቸው ቀልቶና ተወጥሮ፣ ለመብረር እየከበዳቸው አርፈው ይውላሉ።

በዚያው ግድግዳ ላይ ርዝመቷ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ፊቷ ከዓይኖቿ ሥር ቀላ ያለ ሸረሪት ትዘዋወራለች። ድር አላደራችም፤ አድፍጣም አትጠብቅም። አንዱን የሐይቅ ዝንብ ዞር ብላ ታየዋለች፣ ትተወዋለች። ሌላውንም ታየዋለች፣ ታልፈዋለች። ከብዙ ማለፍ በኋላ አንዷ ላይ ስትደርስ ግን አኳኋኗ ይለወጣል፤ ሰውነቷን ዝቅ አድርጋ፣ እግሯን እያነሣች በዝግታ ትጠጋና ከመቅጽበት ትዘላለች። የያዘቻት ሆዷ የቀላውን ትንኝ ነው። ሸረሪቷ የሰውን ቆዳ በስታ ደም መምጠጥ የምትችልበት አፍ የላትም። ደም የምታገኘው ሌላው ቀድቶ ካመጣላት ብቻ ነው።

ሳይንስ ኤቫርካ ኩሊሲቮራ ይላታል። ሸረሪትን ስለመለየት በምንነጋገርበት መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለእሷ መስጠቴ ያለ ምክንያት አይደለም። እሷ ራሷ ለይቶ በማወቅ የምትኖር እንስሳ ናት። እኛ እሷን ለመለየት የምንደክመውን ያህል እሷም ትንኝን ለመለየት ትደክማለች፤ የምትጠቀምባቸው ምልክቶችም የወባ ባለሙያዎች በሥልጠና የሚማሯቸው ራሳቸው ናቸው።

እስቲ ከእኛው ድካም እንጀምር። ድር የሌላት ሸረሪት ስትገጥመን መጀመሪያ መታየት ያለበት ዓይኗ ነው። አብዛኞቹ ሸረሪቶች ስምንት ዓይን አላቸው፤ ቤተሰብን ከቤተሰብ የሚለየው የዓይኖቹ አቀማመጥና መጠን ነው። ተኩላ ሸረሪት የሚባሉት ከታች በአንድ መስመር አራት ትናንሽ፣ ከዚያ በላይ ሁለት ትልልቅ፣ ከኋላ ደግሞ ሌላ ሁለት ዓይን አላቸው። መሬት ላይ ይሮጣሉ፤ በሌሊት ባትሪ ሲበራባቸው ዓይናቸው መልሶ ያበራል፤ እናቲቱም የእንቁላል ከረጢቷን ከኋላዋ አጣብቃ ትዞራለች፣ ልጆቿ ሲፈለፈሉ ጀርባዋ ላይ ይሳፈራሉ። ሌሊት ከአምፖል አጠገብ ግድግዳ ላይ የሚገኙት ትልልቆቹና ጠፍጣፎቹ ደግሞ እግራቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ስለሚተኙ በአቋማቸው ይታወቃሉ። ዘላይ ሸረሪት ግን ለመለየት ከሁሉም ትቀላለች። ፊት ለፊት የተደረደሩት አራት ዓይኖች ናቸው፤ መካከለኞቹ ሁለቱ ከሌሎቹ ጋር የማይመጣጠኑ ትልልቅ ናቸው። ጣታችንን ብናቀርብላት ከመሸሽ በፊት ዞራ ፊት ለፊት ታየናለች። ሸረሪት ሰውን ዞሮ ሲያይ ያጋጠመው ሁሉ ያየው ምናልባት ይህችን ነው።

የዘላዮች ቤተሰብ ከሸረሪት ቤተሰቦች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ከ6,000 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበውለታል። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ሸረሪቶች መዝገብ 50,000ኛውን ዝርያ ሲመዘግብ ተራው የደረሰው ለአንዲት የደቡብ አሜሪካ ዘላይ ሸረሪት ነበር። በአፍሪካ ሞቃት አገሮች ቤት ውስጥ በብዛት የሚታየው ሜኔሜሩስ ቢቪታቱስ የተባለው ግራጫ ዘላይ ነው። እስከ 9 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፣ ሰውነቱ ጠፍጠፍ ያለ ነው፣ ዝንብ ሲያድን ግድግዳው ላይ በጣም በዝግታ ይጠጋል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ ዘላይ ያየ ሰው ሁሉ የምቢታዋን አየሁ ማለት አይችልም።

ዓይኗን ትንሽ ጠለቅ ብለን እንየው፤ የቀረው ታሪክ ሁሉ ከዚህ ይነሣልና። ሁለቱ ትልልቅ ዓይኖች ከውጭ ሌንስ፣ ከውስጥ ደግሞ ወደ ኋላ የሚሄድ ረዘም ያለ ቱቦ ናቸው። ሌንሱ ከቅርፊቷ ጋር አንድ ስለሆነ አይንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሰው ቱቦው ነው፤ ጫፉ ላይ ያለውን ሬቲና ስድስት ጥቃቅን ጡንቻዎች ወዲያና ወዲህ ያዞሩታል። ሰውነታቸው ገርጣ ያለና ብርሃን የሚያሳልፍ ዝርያዎች ላይ ይህ በውጭ ሆኖ ይታያል፤ ሸረሪቷ ሳትነቃነቅ ዓይኗ ውስጥ ያለው ጥቁረት ይንሸራተታል። እነዚህ ዓይኖች በጣም የጠራ ምስል ያያሉ፣ ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሚያዩት ስፍራ ጠባብ ነው። በዙሪያዋ ያለውን እንቅስቃሴ የሚጠብቁት ሌሎቹ ስድስቱ ዓይኖች ናቸው። አንድ ነገር ሲነቃነቅ እነሱ ያስታውቋታል፤ እሷም ትዞርና በትልልቆቹ ዓይኖች ነገሩን ከዳር እስከ ዳር ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ትመረምረዋለች። ከመዝለሏ በፊት ደርቃ የምትቆመው ለዚህ ነው፤ እያነበበች ነው።

የዝላዩ ነገር ራሱን የቻለ ድንቅ ነው፣ በአጭሩ ግን ይህን ይመስላል። የሸረሪት እግር ዋና ዋና መጋጠሚያዎች የሚያጥፍ ጡንቻ እንጂ የሚዘረጋ ጡንቻ የላቸውም። የምትዘረጋቸው የሰውነቷን ፈሳሽ በግፊት ወደ እግሯ በመላክ ነው። ዘላዮች ይህን ግፊት በድንገት ከፍ አድርገው ይወረወራሉ። ከመወርወሯ በፊት የክር ጫፍ ከቆመችበት ታጣብቃለች፤ ብትስት ክሩ ይይዛታል። ድር አታደራም ማለት ክር የላትም ማለት አይደለም፤ የምታድርበትንም፣ እንቁላሏን የምታቅፍበትንም ጎጆ የምትሠራው በዚሁ ክር ነው።

ወደ ምቢታዋ እንመለስ። ከተማዋ አጠገብ የኢሲፔ፣ ማለትም በኬንያዊው ሳይንቲስት ቶማስ ኦዲያምቦ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ አንድ ቅርንጫፍ አለ፤ በመሥራቹም ስም ይጠራል። ኤቫርካ ኩሊሲቮራን ፖላንዳዊቷ የሸረሪት ሊቅ ቫንዳ ቬሶሎቭስካና የኒውዚላንዱ ካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ሮበርት ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ገልጸው ስም ሰጧት። መገኛዋ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ፣ በኬንያና በኡጋንዳ ነው። በማትንቀሳቀስበት ጊዜ ሣርና ቅጠል ውስጥ ትሸሸጋለች፤ ስትርባት ግንድ ላይና ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ትወጣለች።

ዝርያዋን ለማረጋገጥ የፊቷ ቅላት አይበቃም። በሸረሪት ዓለም የመጨረሻው ፍርድ የሚሰጠው በመራቢያ አካላት ቅርጽ ነው። ወንዱ ከአፉ ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት አጫጭር እጅ መሰል አካላት ጫፍ ላይ አበጥ ያለ፣ የዘር ፈሳሽ የሚያስተላልፍ ክፍል አለው። ሴቷ ደግሞ ከሆዷ ሥር ጠንካራ ሰሌዳ አላት። በእያንዳንዱ ዝርያ እነዚህ የየራሳቸው ቅርጽ አላቸው፣ የሚነበቡትም በማይክሮስኮፕ ነው። ያልደረሰች ሸረሪት ገና ስላላወጣቻቸው፣ በፎቶግራፍ ብቻ ዝርያዋን መናገር አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ይህ ሰውን የሚያሰለች ሥራ ይመስላል። እኔ ግን ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ ሥራ አላውቅም፤ ቀለም ያረጃል፣ ፀጉር ይረግፋል፣ መጠን እንደ ምግቡ ይለያያል፣ ቅርጹ ግን ይቆያል።

አሁን የእሷን ፈተና እንመልከት። ጃክሰን፣ ዚሜና ኔልሰንና ጎድፍሪ ሱኔ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥናት ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ሸረሪቷ ደም የጠጣችውን የምትይዘው ስለገጠማት ነው ወይስ ስለመረጠቻት? የሞቱ ነፍሳትን በሕይወት ሳሉ በሚያርፉበት አኳኋን አቁመው ሁለት ሁለት እያደረጉ አቀረቡላት። መጠናቸው እኩል፣ እንቅስቃሴያቸውም ምንም፤ ስለዚህ መብለጥም መነቃነቅም ሊያታልላት አይችልም። ደም የጠጣች ሴት ትንኝና የሐይቅ ዝንብ ሲቀርቡላት ትንኟን መረጠች። ደም የጠጣችና ስኳር ብቻ የጠጣች ሴት ሲቀርቡላት ደም የጠጣችውን መረጠች። ከወንድ ትንኝም እንዲሁ። ከዚያ ዓይኗን ከጨዋታ ውጭ አድርገው በማሽተት ብቻ ፈተኗት፤ በመስታወት ቱቦ ውስጥ አየር እየነፈሰላት ከሁለቱ አቅጣጫ የቱን እንደምትመርጥ አዩ። አሁንም ደም ወደ ጠጡት ሄደች። ዓይን ብቻውን ይበቃታል፤ ሽታም ብቻውን ይበቃታል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ጠለቅ አለ። በዓይን ስታይ ምን ቆጥራ ነው የምትለየው? ሆድ መቅላቱን ብቻ ከሆነ፣ የበሰለ ፍሬ የጠጣ ሌላ ነፍሳትም ሊያሳስታት ይችላል። ኔልሰንና ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ሥራ የአንዷን ትንኝ ሆድ ከሌላው ትንኝ ራስና ደረት ጋር እየገጣጠሙ በተፈጥሮ የሌሉ ትንኞች ሠሩ። የወንድ ትንኝ አንቴና ፀጉሩ የበዛና የተንዠረገገ ነው፤ የሴቷ ሳሳ ያለ ነው። የቀላ ሆድ ከወንድ ራስ ጋር፣ የቀላ ሆድ ከሴት ራስ ጋር፣ ያልቀላ ሆድ ከሴት ራስ ጋር እያደረጉ አቀረቡላት። ሆዱ በሁለቱም እኩል ሲቀላ ሸረሪቷ የሴት አንቴና ያለበትን መረጠች። ወንድ ትንኝ ደም ጠጥቶ አያውቅምና፣ የወንድ አንቴና ከቀላ ሆድ ጋር ለእሷ የማይገጥም ነገር ነው። በሌላ አነጋገር አንድ ምልክት አይታ አትፈርድም፤ ከፊት ያለውን ከኋላ ካለው ጋር ታገናዝባለች። ይህ ሁሉ የሚሠራው በ5 ሚሊ ሜትር ሰውነት ውስጥ በተቀመጠ አንጎል መሆኑን ባሰብኩ ቁጥር ደጋግሜ እገረማለሁ።

የእኛ አገር የወባ ባለሙያ ጎጆ ውስጥ ነጭ ጨርቅ አንጥፎ፣ ፀረ ተባይ ረጭቶ የወደቁትን ትንኞች ሲለቅም የሚያደርገውን ላየ ሰው ተመሳሳይነቱ ይታየዋል። በመጀመሪያ አንቴናውን አይቶ ወንዱን ከሴቷ ይለያል። ቀጥሎ ሆዷን አይቶ ያልጠጣች፣ አሁን የጠጣች፣ ደሙ ግማሽ የተፈጨላት፣ እንቁላሏ የደረሰ ብሎ ይመድባታል። ከዚያም አኖፊሊስ መሆን አለመሆኗን ያያል፤ ወባ የምታስተላልፈው ይህቺ ናትና። በሕይወት ሳለች ይህን የሚያሳብቅባት አቀማመጧ ነው። ኩሌክስ የተባለችው ተራ ትንኝ ሰውነቷን ከግድግዳው ጋር አጋድማ ታርፋለች፤ አኖፊሊስ ግን ራሷን ዝቅ፣ ሆዷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ አዘንብላ ትቆማለች።

ሸረሪቷ ይህንንም ታውቃለች። ኔልሰንና ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት፣ አኖፊሊስን ከሌሎች የምትለይበት ዋናው ምልክት ይህ አቀማመጥ ነው። ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ የልጆቿ ነገር ነው። ገና የተፈለፈለች ልጅ ከትንኟ በብዙ ታንሳለች፤ ከፊት ብትመጣባት ትንኟ ታመልጣለች። ስለዚህ አኖፊሊስ ስታይ ቀጥታውን መንገድ ትተዋለች። ዙሪያ ጥምጥም ሄዳ ከኋላ ትመጣለች፣ ቀና ካለው ሆድ ሥር ባለው ክፍተት ትገባለች፣ ከሥርም ወደ ላይ ትወረወርና ሆዷን ትይዛለች። ይህ ስልት የሚሠራው አኖፊሊስ ሆዷን ስለምታነሣ ነው። ሌላ ነፍሳት ሲገጥማት ልጂቱ ይህን ዙሪያ መንገድ አትሄድም።

ደሙስ ምን ይጠቅማታል? ከመልሶቹ አንዱ የመጣው ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። ፊዮና ክሮስ፣ ጃክሰንና ሳይመን ፖላርድ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳተሙት፣ ደም የጠጡ ትንኞችን የበሉ ሸረሪቶች ሰውነታቸው ተቃራኒውን ፆታ የሚስብ ሽታ ያወጣል። ሌላ ነገር ሲመገቡ የቆዩት ይህ ሽታ የላቸውም፤ ደም የለመዱትም አመጋገባቸው ሲለወጥ ያጡታል። ወንዱም ሴቷም እንዲህ ናቸው። በብዙ ዘላዮች ዘንድ ወንዱ እየጨፈረ ይለምናል፣ ሴቷ ትመርጣለች፤ በዚህች ዝርያ ግን ሁለቱም ያጫሉ፣ ሁለቱም ይመርጣሉ።

ክሮስና ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ሰው ሲያደርገው የዋለ ካልሲ ሽታና ያልተደረገ ካልሲ ሽታ አቀረቡላት። ወደ ተደረገው ተሳበች። የእግራችን ሽታ አኖፊሊስንም የሚስብ ነው፤ ሰው ባለበት ደም የጠጣች ትንኝ ትገኛለችና ሁለቱም ወደ እኛ የሚመጡበት ምክንያት አላቸው። ከዕፀዋትም የምትወዳቸው አሉ፤ የጉሎና የወፍ ቆሎ ሽታ ይስባታል፣ ወለላቸውንም ትጠጣለች። ሁለቱም ተክሎች በእኛም አገር አጥር ዙሪያ የሚበቅሉ ናቸው። አኖፊሊስም ከጉሎ ወለላ ትቀስማለች፤ ስለዚህ አዳኝና ታዳኝ ቤታችን ውስጥ ብቻ ሳይሆን ውጭም አንድ ማዕድ ላይ ይገናኛሉ።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው የሚጠይቀው ይታወቃል፤ ወባን ታጠፋልናለች ወይ? መልሱ አታጠፋም ነው፣ ምክንያቱ ግን መታወቅ አለበት። አንዲት ትንኝ ከታመመ ሰው የወባ ተሕዋስ ብትጠጣ ወዲያው ለሌላ ሰው አታስተላልፍም። ተሕዋሱ በሆዷ ውስጥ ተባዝቶ ወደ ምራቅ ዕጢዋ እስኪደርስ 10 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። በዚያ መካከል እየጠጣች፣ ግድግዳ ላይ እያረፈች፣ እንቁላል እየጣለች፣ ደግማ እየጠጣች ትኖራለች። ደም ጠጥታ ባረፈችበት ቀን የምትያዝ ትንኝ፣ ተሕዋሱን ብትቀበልም እንኳ አታደርሰውም። ቤት ውስጥ የሚረጨው ፀረ ተባይ ግድግዳ ላይ የሚቀባውም ትንኟ በዚሁ የዕረፍት ሰዓት እንድትነካው ነው። ሸረሪቷም የመታችው ይህንኑ ቦታ ነው።

ችግሩ ቁጥርና ጠባይ ነው። ዘላይ ሸረሪት እንደ ንብ በመንጋ አይረባም፤ እርስ በርሱም ይበላላል። ሚሊዮን አርብቶ በየመንደሩ ለመልቀቅ የሚመች እንስሳ አይደለም። ከሐይቁ አካባቢ አውጥቶ ሌላ አገር መውሰድም በየቦታው ባሉት ነፍሳትና ሸረሪቶች ላይ የሚያመጣው ጣጣ አለ፤ እኔ በበኩሌ ይህን የሚያቀነቅን ሐሳብ ስሰማ አልስማማም። አጎበር፣ ርጭትና ወቅታዊ ሕክምና ቦታቸውን የሚለቁላት አይደለችም። እሷ በምትኖርበት ቤት ግን ግድግዳ ላይ ስትገኝ በመጥረጊያ የምትመታበት ምክንያት የለም። ለሰው አደጋ የላትም፣ ቤቱን በድር አታበላሽም፣ የምታድነውም የምንጠላውን ነው።

ትንኝን እንዲህ የለየችው ብቸኛዋም አይደለችም። በማሌዥያ የቀርከሃ ጫካዎች ፓራሲርባ ዋንሌሲ የምትባል ሌላ ዘላይ ሸረሪት አለች። ወድቆ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ውስጥ ዝናብ ውኃ ይጠራቀማል፤ እዚያ ውስጥ የትንኝ እጭ ይራባል፤ ሸረሪቷ ከዳር ሆና እጩን ከውኃው ታወጣለች። የምቢታዋ በጥጋብ ላይ ያለችውን ትይዛለች፣ የማሌዥያዋ ገና ክንፍ ያላወጣችውን። በሁለቱም ዘንድ ሥራው የተመሠረተው በዓይን ላይ ነው፤ ሁለቱም ድር የላቸውምና ያደፈጡበት ወጥመድ የሚያመጣላቸው ሲሳይ የለም፤ የሚበሉትን ሄደው መምረጥ አለባቸው።

ከሐይቁ ርቆ፣ ለምሳሌ በእኛ ቆላ፣ ከክረምት በኋላ ወባ በሚበረታበት ወቅት ግድግዳ ላይ ቀላ ያለ ፊት ያላት ዘላይ ያየ ሰው ምን ያድርግ? የኤቫርካ ወገን ብዙ ዝርያ አለው፣ ሌሎች ዘላዮችም ፊታቸው ላይ ቀለም አላቸው። በመጀመሪያ ፊቷን ከፊት ለፊት፣ ጀርባዋንም ከላይ በስልክ ማንሣት ጥሩ ነው። የበላችውን ማየት ከዚያ ይበልጣል፤ መንጋጋዋ ላይ የያዘችው ምንድን ነው፣ አንቴናው የሳሳ ነው ወይስ ፀጉራም፣ ሆዱ ቀልቷል ወይ፣ ከጎኑ ያለፈቻቸው ምንና ምን ነበሩ? ከዚያ የደረሰ ወንድና የደረሰች ሴት በአልኮል ተቀምጠው፣ የተገኙበት ቦታና ቀን፣ የቤቱ ዓይነትና የግድግዳው ከፍታ በእርሳስ ተጽፎ አብሯቸው ሲገባ፣ በማይክሮስኮፕ ለሚያያቸው ባለሙያ ሥራውን የሚጀምርበት ነገር ያገኛል። በእስክሪብቶ የተጻፈ ግን አልኮል ውስጥ ይለቃል።